አምስተኛው ሰሌዳ

የእህቴ ባል ሰው መሆኑን ከተወ ስምንት ዓመቱ ነው። አልሞተም፤ ሆዱን ብታዩት ምንም አልጎደለበትም። ብቻ አንድ ቀን ድርጅት ሆነ። ቀጥሎ ሁለት ሆነ፤ አሁን ሦስት ነው። ሰፈሩ «ባለማኅተሙ» ይለዋል።

እኛ ስድስት ሴቶች ነን። የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ እናጥባለን። የምንሠራበት ክፍል ሁለት የሲሚንቶ ገንዳና አንድ ቧንቧ አለው፤ ጓሮው ውስጥ ስምንት መስመር የልብስ ማስጫ ሽቦ ወጥረናል። ማኅበር ያደረገን ባለማኅተሙ ነው። «ብቻችሁን ማን ይሰማችኋል?» አለን። እውነቱን ነው ብለን ፈረምን። ከዚያ ማኅበራችንን ኅብረት የሚባል ነገር ውስጥ ከተተው። ኅብረቱን ፌዴሬሽን ውስጥ ከተተው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኮንፌዴሬሽን አቆመ። የሁሉም ሊቀ መንበር ማን ነው? እሱ። ክፍላችንንም «ለደኅንነቱ» ብሎ በኅብረቱ ስም አዞረው። ያን ቀን አፌን ዘግቼ መቀመጤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አንድ ጠዋት ቧንቧችን ቀጥ አለ። በጄሪካን ከሩቅ እያመላለስን ሞከርነው፤ ወገባችን ተቆረጠ እንጂ አንሶላው አልነጣም። በሦስተኛው ሳምንት ሆስፒታሉ «እስከ ሰኞ ካላስተካከላችሁ ለሌላ አጣቢ እንሰጣለን» አለን። ሆስፒታሉ ከሄደ ስድስታችንም ቤታችን መግባታችን ነው። ውሃ ቢሮ ሮጥኩ። ልጁ መዝገቡን አየና «ቆጣሪው በኅብረቱ ስም ነው፤ ከኅብረቱ ደብዳቤ አምጪ» አለኝ።

የባለማኅተሙ ቢሮ ፎቅ ላይ ነው። አንድ በር፣ በሩ ላይ ሦስት የድርጅት ስም። ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ሦስት መሳቢያ፣ በየመሳቢያው አንድ ማኅተም።

«ማንን ፈልገሽ ነው?» አለኝ ቀና ሳይል።

«አንተን ነዋ!»

«እኔ እዚህ የለሁም። ኅብረቱን ነው፣ ፌዴሬሽኑን ነው ወይስ ኮንፌዴሬሽኑን?»

«ቧንቧ የሚያስከፍተውን።»

«እሱማ ኅብረቱ ነው» ብሎ የላይኛውን መሳቢያ ሳበ። ደስ አለኝ። ማኅተሙን አወጣ፣ እፍ እፍ አለበትና መልሶ አስቀመጠው። «ኅብረቱ ግን ፌዴሬሽኑን ሳያስፈቅድ አይጽፍም።»

«አስፈቅደዋ!»

«በቃል አይሆንም። በደብዳቤ ነው።»

«ለማን የሚጻፍ?»

«ለእኔ።»

«ማን ይጽፈዋል?»

«እኔ። ግን የፌዴሬሽኑ ቀን ሐሙስ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው።»

ሐሙስ ሄድኩ። ሐሙስ ደግሞ ፌዴሬሽኑ ኮንፌዴሬሽኑን እየጠበቀ ነበር። ሁለቱም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ።

እህቴ ዘንድ ሄድኩ። «እትዬ፣ ባልሽን አንድ በይልኝ» አልኳት።

«የት አግኝቼው!» አለች። «ትናንት ጨው ግዛ ብለው አጀንዳ አስይዢ አለኝ። ይልቅ ነገ ጉባኤ አለ፤ እናንተም ተጠርታችኋል። እዚያ አፋጥጪው።»

እውነትም ማምሻውን ጥሪ ደረሰኝ። «ለተከበረ ማኅበርዎ» ይላል። እኔን አይደለም የጠራው፤ ኮንፌዴሬሽኑ ውስጥ ሰው አባል አይሆንም፣ ድርጅት ብቻ ነው። ሳሙና የበላው እጄን ቅባት ቀብቼ አርብ ሄድኩ።

አዳራሹ ውስጥ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ረጅም ጠረጴዛ፣ አምስት ወንበር፣ በየወንበሩ ፊት የስም ሰሌዳና የታሸገ ውሃ። ውሃውን ሳይ ደሜ ፈላ። ኅብረት የሚለው ሰሌዳ የባለማኅተሙ ነው። ፌዴሬሽን የሚለውም የእሱ። የሴቶች መድረክ የሚባለው እህቴ ናት፤ ቃለ ጉባኤም የምትይዘው እሷ ናት። የወጣቶች ጥምረት የባለማኅተሙ አጎት ልጅ ነው፤ ወጣቱ ራሰ በራ ነው፣ የልጅ ልጅ አይቷል። አምስተኛው ሰሌዳ የእኛ ነበር። ራቅ ብሎ ለሊቀ መንበሩ ብቻውን ትልቅ ወንበር ተቀምጧል።

ጥግ ላይ ሁለት እንግዶች ነበሩ። «እነሱ ከበላይ፣ ከኮንፌዴሬሽኖች ጉባኤ ናቸው» አለችኝ እህቴ በሹክሹክታ። «ኮንፌዴሬሽኑን አባል የሚያደርጉት አምስቱም አባላቱ ተሟልተው በዓይናቸው ካዩ ብቻ ነው። አንድ ከጎደለ ጥለው ይሄዳሉ። ባሌ ሌሊቱን ሲገላበጥ ነው ያደረው።»

ስብሰባው ተጀመረ። ባለማኅተሙ ኅብረት የሚለው ጋ ተቀምጦ እጁን አወጣና ባዶውን ትልቅ ወንበር እያየ «ክቡር ሊቀ መንበር፣ ሐሳብ አለኝ» አለ። ተነሣ፣ ትልቁ ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ፣ «ቀጥሉ» አለ። ተመለሰና ቀጠለ። ከዚያ ፌዴሬሽን ወደሚለው ዞሮ «የኅብረቱን ሐሳብ በሙሉ ልብ እደግፋለሁ» አለ። ሦስተኛው አጀንዳ ላይ ላብ አጠመቀው።

አንደኛው እንግዳ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «ይቅርታ፣ እርስዎ ስንት ሰው ነዎት?» አለው።

«ክቡር እንግዳችን፣ እዚህ ሰው አይቆጠርም። የሚቆጠረው ሰሌዳው ነው።»

እንግዳው «ልክ ነው፣ እኛም ጋ እንደዚያው ነው» ብሎ ጻፈ።

አራተኛው አጀንዳ መጣ። «ውሃ የሌለውና ሥራ ያቆመ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ስላለ» አለ ባለማኅተሙ እኔን ሳያይ፣ «ለኮንፌዴሬሽኑ አዲስ ጽሕፈት ቤት እንዲሆን ኅብረቱ ይጠይቃል።»

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። «ውሃውን ማን አዘጋው?» አልኩ።

«የተከበረው ማኅበር ጥያቄውን በጽሑፍ...»

እህቴ ግን ፋይሉን ገልጣ ማንበብ ጀምራለች። «ኅብረቱ በጻፈው ደብዳቤ መሠረት የክፍሉ ውሃ እንዲቋረጥ...» ቀና ብላ አየችው። «አንተ ነህ እንዴ?»

«እኔ አይደለሁም» አለ። «ኅብረቱ ነው።»

ሰሌዳችንን አንሥቼ ብብቴ ውስጥ ወሸቅኩና ወደ በሩ ሄድኩ። እንግዶቹም እስክሪብቷቸውን መክደን ጀመሩ።

«አንቺ! ቁጭ በይ!» አለ ባለማኅተሙ።

«ሰው አይቆጠርም አላልክም? ከእኔ ጋር ምን አለህ? የያዝኩትን አናግረው።»

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «የተከበረው ማኅበር ሆይ... እባክዎ ቦታዎን ይያዙ።»

«ማኅበሩ ውሃ ጠምቶታል። ቧንቧው ይከፈት። ክፍሉም በማኅበሩ ስም ይመለስ። ሁለት ደብዳቤ፣ አሁን።» አንዱ እግሬ ውጭ፣ አንዱ ውስጥ ነበር።

«ደንቡ እኮ ቅደም ተከተል...»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ወንበሮቹ ያውልህ፣ ሩጥ።»

ሮጠ። ኅብረት ሆኖ ጠየቀ፣ ፌዴሬሽን ሆኖ ፈቀደ፣ ትልቁ ወንበር ላይ ዘሎ ወጥቶ አጸደቀ። ወጣቱ «እደግፋለሁ» ሊል ሲነሣ «ዝም በል!» ብሎ ጮኸበት። እህቴ ሳይነግሯት ጻፈች፤ እንዲያውም «ዛሬውኑ» የሚል ቃል ከራሷ ጨመረች። ማኅተሞቹ ኮት ኪሱ ውስጥ ነበሩ። ሲጣደፍ አንዱ አመለጠውና ነጩ ጨርቅ ላይ ሰማያዊ ቀለም ረጨ። ሳምንቱን ሙሉ የለመንኩት ደብዳቤ ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልፈጀም።

«በጣም ንቁ አባል አላችሁ» አለ እንግዳው ደስ ብሎት።

ደብዳቤዎቹን ጡቴ ሥር ከተትኩ። ሰሌዳውን ወደ ቦታው መለስኩና ቀጥ አድርጌ አቆምኩት።

«ወዴት ነው ደግሞ?» አለ ባለማኅተሙ።

«ማኅበሩ ይኸው ተቀምጧል፤ ቁጠሩት። እኔ ሰው ነኝ፣ ውሃ ቢሮ ሳይዘጋ ልድረስ።» የታሸገውን ውሃ ግን ይዤው ወጣሁ። ሰሌዳ አይጠማውም።

በማግሥቱ ቧንቧው ሳለ፣ ዝገት ተፋ፣ ከዚያ ኩልል አለ። ሰኞ የሆስፒታሉ አንሶላ ስምንቱም ሽቦ ላይ ነበር። ለባለማኅተሙም ኮንፌዴሬሽኑ የዚያ የበላይ ጉባኤ አባል ሆነለት። አምስቱም ሰሌዳዎች ያለ ተቃውሞ ተስማሙ ተብሎ ተጽፏል አሉ፤ የእኛም።

ሐሙስ ዕለት ባለማኅተሙ ጥቅልል ይዞ ክፍላችን በር ላይ ቆመ። ያ የጠረጴዛ ጨርቅ ነው፣ ቀለሙ እንዳለ።

«እህትሽ አላጥብም አለች» አለ። «ለኮንፌዴሬሽኑ ነው።»

«እኛ ለድርጅት አናጥብም» አልኩት። «ጨርቁ የማን ነው? የሰው ስም ንገረኝ።»

ጥቅልሉን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዞረ። ሴቶቹ እጃቸውን ከገንዳው አውጥተው ዓይን ዓይኑን አዩት።

«የእኔ» አለ በመጨረሻ፣ በቀጭን ድምፅ።

«እንኳን ደኅና መጣህ!» አልኩት። «ይኸው ገንዳው፣ ሳሙናው እዚያ መስኮቱ ላይ ነው። እጅጌህን ሰብስብ።»