አራት ስንዝር

ደረጃው ላይ የምርኩዝ ኳኳታ ሲሰማ መርከብ ነዳፊው ማስትሮ ጄሮላሞ የያዘው ሾርባ ጭኑ ላይ ፈሰሰ። ከሰመጠችው የጦር መርከብ «ኮስታንዛ» የተረፈው ሬሚጆ ዛሬ ጄኖዋ መግባቱን ከጠዋት ሰምቷል።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑ ነው። የቤቱ ምድጃ አልተለኮሰም፤ የሚበላው ከጎረቤት ይመጣል። ልጁ አንሴልሞ ከመርከቧ ጋር ሰምጦ አስከሬን ስለሌለ የእሑድ ልብሱ አልጋው ላይ ተዘርግቷል፤ ለቀስተኛው እሱን ስሞ ይቀመጣል።

«ቴክላ፣ ጨው ተወደደብሽ እንዴ?» አለ ሽማግሌው ቶኒዮ ሾርባውን ያመጣችውን ጎረቤት።

«ሦስተኛ ሳህንህ እኮ ነው፣ አንተ ሆዳም! ይልቅ ጸልይ።»

ጄሮላሞ አልሰማቸውም። የፈራው አንድ ነገር ነው፤ ሚስቱ ኒኮሌታ እንዳትሰማ።

ከአምስት ዓመት በፊት በመርከብ መሥሪያው ሰፊ ወለል ላይ ኮስታንዛን በልኳ በጠመኔ የነደፈ እሱ ነው። የእንፋሎት ሞተሯና ከሰሏ ከበዱና መሐንዲሱ የብረት ልብሷ ከኋላ አራት ስንዝር ይጠር አለ።

«ጌታዬ፣ ከኋላ የሚያዞራት መሪ ራቁቱን ይቀራል።»

«አንተ መስመርህን አጥፋ።»

በእርጥብ ጨርቅ አጠፋው። አንሴልሞ ባሕር ኃይል ገብቶ «አባባ፣ የትኛዋን መርከብ ልምረጥ?» ሲለው ጨርቁ ትዝ ብሎት ነበር። ኩራቱ በለጠና «አባትህ የነደፋት እያለች!» አለው።

ሬሚጆ በምርኩዝ ገብቶ ልብሱን ስሞ ቀና ሲል ኒኮሌታ ክንዱን ያዘችው።

«እንዴት ሆነ፣ ልጄ? አትደብቀኝ።»

«እትዬ፣ የኦስትሪያዎቹ አረር መሪዋን መታው። ከዚያማ እንደ ታወረ በሬ ባለንበት ስንዞር መርከባቸው መጥታ ጎናችንን ወጋችው። ያ መሪ ለምን ያለ ብረት እንደቀረ እንጃ።»

«ማስትሮ አለ አይደል፣ የነደፋት!» አለ ቶኒዮ በየዋህነት። «እሱን ጠይቁት።»

ሁሉም ወደ ጄሮላሞ ዞሩ። «መሐንዲሱ ነው» ቢል ውሸት አይሆንም፤ ጌታ ግን ግማሹን እውነት የት እንደደበቀው ያያል። ኒኮሌታ ዐይኑን ስታየው ሠላሳ ዓመት የኖረበት ቤት ከእግሩ ሥር የከዳው መሰለው።

ተንበረከከ። ከቀዘቀዘው ምድጃ ከሰል አንሥቶ ወለሉ ላይ የመርከቧን የኋላ ክፍል መንደፍ ጀመረ። አሳንሶ መንደፍ አያውቅም፤ በልኩ ነደፈው።

«ብረቱ እዚህ ያበቃል። መሪው እዚህ ነው። መሐሉ ባዶ ነው። አጥፋ ተባልኩ፣ አጠፋሁ። አንሴልሞንም ግባባት ያልኩት እኔው ነኝ።»

ቴክላ አማተበች።

«ልጄ ያውቅ ነበር?» አለች ኒኮሌታ።

«አልነገርኩትም።»

ውጣልኝ እስክትለው ጠበቀ። እሷ ግን ፊት ለፊቱ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከሰል የነካውን እጁን ጎትታ፣ በሽርጧ ጫፍ ጣቶቹን አንድ በአንድ ትጠርግ ጀመር። አጥብቃ፣ ቆዳው እስኪቀላ። አመመው፤ እጁን አልሳበም። ጣቶቹ ከጠሩም በኋላ መጥረጓን አላቆመችም።