«ልዩነት አልታየም»

ድርቅ በጠናበት ዓመት ዶክተር ኮሊን የሚባል ተመራማሪ ቱቫሉ፣ እኛ ደሴት ድረስ መጣ። ለግማሾቹ ቤቶች ታንከር አቁሞ ንጹሕ ውኃ አስሞላላቸው፤ የቀሩትን ሆን ብሎ ከለከለ። ውኃው የልጆችን ተቅማጥ ይቀንስ እንደሆነ ሁለቱን ወገን አወዳድሮ ሊያውቅ ነው። ለእኛ ደረሰን፤ ለጎረቤታችን ለሴይናቲ አልደረሳትም።

ሴይናቲ አራስ ነበረች። እናቴ ሎሳ በመጀመሪያው ቀን ባልዲ ሞልታ ወሰደችላት። ታንከር የደረሳቸው ሁሉ እንደዚያው አደረጉ፤ ማንም ማንንም አላማከረም።

ዶክተሩ ይህን የሰማው ከወራት በኋላ ነው። በንዴት ፊቱ ቀልቶ እቤታችን መጣ።

«ውኃውን ለምን ሰጣችሁ? ጥናቱን እኮ አበላሻችሁት!»

«ታዲያ ምን ላድርግ? አራስ በውኃ ጥም ስትሞት ቁጭ ብዬ ልይ?»

«እማማ፣ ሳይንስ የሚሠራው እንዲህ ነው።»

«እማማ አትበለኝ! እኔ እንዳንተ ያለ ልጅ አልወለድኩም። ውጣልኝ!»

ወጣ። ሪፖርቱን ግን ምንም እንዳልተበላሸ አድርጎ ጻፈ፦ በሁለቱ ወገን ልጆች መካከል ልዩነት አልታየም፤ ስለዚህ ታንከሩ ጥቅም የለውም። በዚህ የተነሳ ከማዶ ላለችው ደሴት የታሰበው ታንከር ቀረ።

እናቴ ወሬውን በሬዲዮ ስትሰማ ብድግ አለች። «ልዩነት ያልታየው እኮ ስለተካፈልን ነው! ይሄ ደንቆሮ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ጄሪካኖቻችንን ሁሉ ሞልታ በአጎቴ በታቪታ ጀልባ ጫነች። ማዶ እስክትደርስ ድረስ ስድቧን አላቆመችም አሉ።