ከፍ ያለው መደብ

ሪድዋን ሐረር ፈረስ መጋላ ላለው የነጋዴዎች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ሆኖ እንደተሾመ የአመራር ሥልጠና ገባ።

«ይህ ምክር አዲስ እንዳይመስላችሁ» አለ አሠልጣኙ። «ሥሩ የጥንት የግሪክ ጠቢባን ጋ ነው። በእጅህ ያለውን ያዝ፣ በእጅህ የሌለው አይረብሽህ። መሪ ስሜቱን ይገዛል።»

ከሰዓት በኋላ፣ እነዚያው ጠቢባን ሰው ለሰው መፈጠሩን፣ ስሜትን መግዛትም ለሌላው ለመትረፍ መሆኑን ማስተማራቸውን ሲያብራራ፣ ሪድዋን ስልክ ሊያነጋግር ወጥቶ ነበር። ቅጠሉን ሸምጥጦ፣ ሥሩን እዚያው ትቶ ወደ ቢሮው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ከሠራተኞቹ ጋር የሚቀመጠው የዓርብ የጫት በርጫ ቀረ፣ ቀልድም ቀረ። የመጋዘን ኃላፊው ነስሮ የልጅነት ጓደኛው ነበር፤ ከእሱም ጋር እንኳ ነገሩ በሰላምታ ብቻ ሆነ። እናቱ ታዝበው፣ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» አሉት። ሳቀባቸው።

የነስሮ አባት የሞቱ ጊዜ ቀብር ደረሰ፣ ዕረፍት ፈረመለት፣ ወደ ሥራው ሄደ። ሐረር ግን ቀብር መድረስ ለቅሶ መድረስ አይደለም። አፎቻው፣ ማለትም የሠፈሩ ዕድር፣ ከሐዘንተኛው ጎን ይቀመጣል። ሪድዋን አልተቀመጠም። መሪ ነዋ!

ዘንድሮ እናቱ አረፉ። በጁገል ግንብ ውስጥ ባለው ቤት አብረውት የሚኖሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሠራተኞቹ አንድም ሳይቀሩ ለቅሶ መጡ። ሪድዋን በሩን ትይዩ ባለው ከፍ ያለ መደብ ላይ፣ በአባወራው ቦታ ተቀምጧል፤ እነሱ ታችኛው መደብ ላይ ተጠጋግተው አቀርቅረዋል። ድሮ ነስሮ ወደዚህ ቤት ሲገባ ማንንም ሳይጠይቅ ዘሎ ላይኛው መደብ ላይ ይወጣ ነበር። ሪድዋን ዛሬም እንዲወጣ ተመኘ፤ ከዚያ ሌላ የተመኘው ነገር አልነበረም። አጠገቡ ያለውን ትራስ አስተካከለ። ና ማለት በእጁ ነበር፤ አፉ ግን እምቢ አለው።

ዱዓው ሲያበቃ ነስሮ ተነሣ። ሪድዋን ቦታ ሊለቅለት ፈቀቅ አለ።

ነስሮ ከመደቡ ሥር ደርሶ እጁን አጣምሮ ቆመ። «አላህ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃቸው» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሥራ አስኪያጅ፣ ከፈቀዱልን እንሂድ?»

ከለቅሶ ቤት ለመውጣት ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ሐረር አይቶ አያውቅም።

«ሂዱ» አለ ሪድዋን፤ ድምፁ እንደ ቢሮው የረጋ ነበር። በር ላይ ጫማቸውን ሲያደርጉ፣ ኮቴያቸው በጠባቡ መንገድ ሲርቅ ሰማ። ያን ጊዜ ትራሱን ወደ ራሱ ሳበና እናቱንም ነስሮንም አንድ ላይ አለቀሳቸው።