ጎባጣው መስታወት

ቶርንዴልና ልጆቹ የሚባለውን የእንግሊዝ ድርጅት ዛሬ የሚያስታውሰው የለም። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ግን ስሙ የገነነ ነበር። ለመኳንንቱ ወይንና ሎሚ ማብቀያ የመስታወት ቤት ይሠራል፤ ብረቱን አቅልጦ፣ መስታወቱን በእሳት አጉብጦ፣ በሣጥን አሽጎ ባሕር ማዶ ሳይቀር ይልካል። ወራሾቹን ጦርነት ሲበላቸው ድርጅቱም አብሮ ከሰመ። ከሥራዎቹ አንዱ፣ ማን እንዳመጣው እግዜር ይወቅ፣ ካናዳ ካልጋሪ ውስጥ ባንድ አሮጌ ቪላ ጓሮ ቆሟል።

አምና በሐምሌ የወረደው በረዶ ጣሪያውን ሲያደቀው ከጎባጣዎቹ መስታወቶች አንዱ ብቻ ተረፈ። ባለቤትየዋ ቁርጡን ተናግራለች፤ እሱን አይቶ አምሳያውን የሚሠራ ከተገኘ የመስታወት ቤቱ ይጠገናል፣ እሱም ከተሰበረ ይፈርሳል። እዚያው ከተማ ማርልቦሮ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ የመስታወት ወርክሾፕ ያላቸው ጋሽ ገብረመድኅን ሥራውን ሲቀበሉ እንደ ልጅ ፈነጠዙ። አብራቸው የምትሠራው አርያም ግን ሰሞኑን ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው ልብ ብላለች። ሙያውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ አባት የምትለውም እሳቸውን ነው።

"ጋሼ፣ ለዛሬ እንኳ ሌላ ሰው ሃየር እናድርግ። እርስዎ ሱፐርቫይዝ ያድርጉ" ብላቸው ነበር።

"ይህን በሰው እጅ አላስነካም" አሉ። ግትርነታቸው አይጣል ነው።

ለሥራው በተተከለው መወጣጫ፣ ስካፎልዱ ላይ ጎን ለጎን ቆመው መስታወቱን ከብረቱ አላቀቁት። አሁን እሳቸው ከላይ ሲያቀብሉ እሷ ከታች እንድትቀበል፣ አርያም ቀድማ መውረድ አለባት።

"ልልቀቅ ጋሼ? ብቻዎን ይችሉታል?"

ጋሼ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። ፈረንጅ ቢሰማው ክው ብሎ ምን ሆኑ ይል ነበር። አርያም ግን ያገራቸው ልጅ ናት፤ በኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ትንፋሽ "አዎ" ማለት ነው። ለቀቀች።

መሰላሉን ጥቂት ወርዳ ቀና ስትል ፊታቸው አመድ መስሏል። አዎ አላሉም ለካ፤ ደረታቸውን ወግቷቸው ነው። መስታወቱ ከእጃቸው እያመለጠ ነው፤ እሳቸውም ተከትለውት ወደ ጠርዙ እያዘነበሉ ነው። አርያም ባንድ እጇ መሰላሉን ጨብጣለች፤ የቀራት አንድ እጅ ነው።

"መስታወቱን ያዢ" አሉ በሰለለ ድምፅ።

መስታወቱ ፊት ለፊቷ ነበር፤ እጇን ብትዘረጋ ይደርስ ነበር። ትታው ቀበቷቸውን ያዘችና ባላት ኃይል ወደ ኋላ ገፋቻቸው። መስታወቱ ጆሮዋ ሥር ሽው ብሎ አለፈና ሲሚንቶው ላይ ደቀቀ።

ተመልሳ ወጥታ አስተኛቻቸው፤ አምቡላንስም ጠራች። በገዛ ጆሮዋ ተናዳለች።

"ኦን ዘ ዌይ ናቸው ጋሼ። አይናገሩ።"

ጋሼ ግን አንገታቸውን አዙረው ታች የተበተነውን ስብርባሪ ያያሉ። እንባቸው ወረደ።

"እጅሽ ላይ ደርሶ ነበር እኮ፣ ልጄ። ምነው ሳትይዢው?"

"እርስዎን ይዤ ነዋ።"