አራተኛው ቁራጭ

፩

ይህን የምጽፈው በአንድ እጄ ነው። ሌላው እጄ ሁለት መርፌ ተሰክቶበት ከማሽኑ ጋር ታስሯል፤ ደሜ ወጥቶ፣ ታጥቦ እስኪመለስ ድረስ ማንቀሳቀስ አይፈቀድልኝም። ስለዚህ በስልኬ አጭር አጭር እያደረግሁ እጽፋለሁ፤ አውራ ጣቴ ሲደክም ቁጥር እቀይራለሁ። በዚህ አጻጻፍ የሚያኮርፍ አንባቢ ካለ፣ መጥቶ አጠገቤ ይቀመጥና በሁለት እጁ ይጻፍልኝ።

፪

መጽሐፍ በአንድ እጅ እንዴት እንደሚነበብ

መጀመሪያ ወፍራሙን ልቦለድ እንዳለ ለመያዝ ሞክር። ደረትህ ላይ አስደግፈው። ገጽ ልግለጥ ስትል ይወድቅብሃል። ነርሷን ጥራ፤ ታንሳልህ። ደግሞ ይወድቃል። ደግመህ ጥራት። አሁን ፊቷን ታኮሳትራለች።

ከዚያ ምላጭ ፈልግና መጽሐፉን ከጀርባው ለአራት ክፈለው። እያንዳንዱ ቁራጭ እንደ ደብተር ቀጭን ይሆናል። በአንድ እጅ ይያዛል፣ በአውራ ጣት ይገለጣል።

መጽሐፍ መቁረጥ ነውር ነው ካልክ ገና አልታመምክም ማለት ነው። እግዜር ያቆይህ።

፫

የኩላሊት እጥበት ክፍላችን አራት ወንበር አለው፤ እኛም አራት ነን።

በሩ አጠገብ እትዬ አልጋነሽ ይቀመጣሉ። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ያለ መነጽር አንዲት ፊደል አይለዩም፤ የሰው ጥፋት ግን ያለ መነጽርም ይታያቸዋል። ከእሳቸው ቀጥሎ እኔ ነኝ፣ ምንትዋብ፣ ፀጉር ቤት ያለኝ። ከእኔ ቀጥሎ ኢዮብ፣ ሁለት ገጽ አንብቦ የሚተኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። መስኮቱ ሥር ጋሽ ሽፈራው፣ ዕድሜያቸውን በጅቡቲ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲነዱ የጨረሱ።

መጽሐፉን ያመጡት ጋሽ ሽፈራው ናቸው። ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ነው የገዙት፤ ሽፋኑም የመጀመሪያዎቹ ገጾችም የሉም። ርዕሱን አናውቅም፤ ደራሲውንም አናውቅም። ለእኔ ይህ ተመችቶኛል፤ የማያውቁትን ደራሲ ማማት ይቀላል።

፬

ሕግ (ያወጡት እትዬ አልጋነሽ)

ቁራጮቹ በተራ ይዞራሉ። ቀድሞ ያነበበ ሰው ለሌላው አያወራም። ቤት የሄደ ወረቀት ስለማይመለስ ምንም ቁራጭ ከዚህ ክፍል አይወጣም። አራተኛው ቁራጭ በእሳቸው ቦርሳ ይቀመጣል፤ ሁላችንም ሦስተኛውን ስንጨርስ ጮክ ብለው ያነቡልናል።

ተስማማን። እኔማ ደስ ብሎኝ ነበር። እዚህ ክፍል ውስጥ ተጓጉቶ የሚጠበቅ ነገር ብዙ የለም።

፭

ታሪኩ ባጭሩ ይኸው።

አባተ የሚባል ሰው ከእህቱ ጋር ተጣልቶ ከትውልድ ከተማው ይወጣል። ዓመታት ያልፋሉ። ያገባል፣ ይፈታል፣ ይከብራል፣ ይደኸያል (እዚህ ላይ ደራሲው ትንሽ ቸኩሏል)። በሦስተኛው ቁራጭ መጨረሻ ላይ ተመልሶ መጥቶ የእህቱ ደጃፍ ላይ ቆሟል። ከውስጥ ሳህን የሚያጥብ ሰው ድምፅ ይሰማዋል። ለማንኳኳት እጁን አንስቷል።

ምላጩ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። የቆረጠው ኢዮብ ነው፤ ሆን ብሎ ሳይሆን፣ ገጹን ለአራት ሲያካፍለው እዚያ ላይ ወደቀ።

፮

አስተያየት

እትዬ አልጋነሽ፦ አማርኛው ጥሩ ነው። ዝናቡ ግን በዛ። ሰው ባዘነ ቁጥር ይዘንባል። ከአሥር ስድስት ሰጥቼዋለሁ።

ኢዮብ፦ እኔ ያልገባኝ፣ ለምን አይደውልላትም? ቢደውል እኮ መጽሐፉ በሁለት ገጽ ያልቅ ነበር።

እኔ፦ እህትየዋ ሹሩባ ተሠርታ ስትመለስ የጣደችው ወጥ ገና አልፈላም ይላል። ይህ ደራሲ ፀጉር ቤት ገብቶ አያውቅም።

ጋሽ ሽፈራው፦ መደወል ቀላል መሰለህ ኢዮብ? አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ስልኩ ይከብዳል። ሁለት ዓመት ካለፈ ደግሞ...

ኢዮብ፦ ይቀጥሉ እንጂ ጋሼ።

ጋሽ ሽፈራው፦ ተወው። ማሽኔ ጮኸ መሰለኝ፣ ሲስተርን ጥራልኝ።

ማሽናቸው አልጮኸም ነበር።

፯

ከጥቂት ቀናት በኋላ ራሳቸው ነገሩን።

እናታቸው ያረፉ ዕለት ጋሽ ሽፈራው ጭነት ይዘው መንገድ ላይ ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው ክፍሌ ሳይጠብቃቸው ቀበረ። አሰላ እናታቸው ቤት ሲደርሱ ድንኳን ውስጥ ሰዎች ካርታ እየተጫወቱ ነበር። ጋሽ ሽፈራው የእናታቸውን ፊት ሳያዩ ቀሩ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ለክፍሌ ቃል ተንፍሰው አያውቁም። ክፍሌ ሽማግሌ ላከ፤ መለሱት። በየበዓሉ ደወለ፤ አላነሱለትም። በኋላ እሱም መደወሉን ተወ።

ይህን ሲነግሩን አይናደዱም ነበር። መንገድ ላይ ስለተበላሸ መኪና የሚያወሩ ነው የሚመስለው።

፰

ሐሙስ ነበር። ጋሽ ሽፈራው ሦስተኛውን ቁራጭ ጨርሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ወይዘሮ አልጋነሽ፣ አራተኛውን ይስጡኝ። ቤት ይዤው ልደርና ልመልሰው» አሉ።

እትዬ አልጋነሽ ኢዮብ ገና ሦስተኛውን እንዳልጀመረ አስታወሷቸው። ኢዮብ ተኝቷል።

«ነገሬን ልቁረጥ ብዬ ነው» አሉ ጋሽ ሽፈራው። «ይህ አባተ በሩን ካንኳኳ እኔም ለክፍሌ እደውላለሁ። ተመልሶ ከሄደ ግን ነገሩ ይቅር።»

«አቶ ሽፈራው፣ ልቦለድ እኮ ነው።»

«እሱማ አውቃለሁ። እውነተኛዎቹ ሰዎች ስንት ጊዜ መከሩኝ፣ አልሰማኋቸውም።»

እኔ ሳቅሁ። እትዬ አልጋነሽም ፈገግ አሉ፤ ቦርሳቸውን ግን አልከፈቱም። ለአንድ ሰው ከፈቀድን ለሁሉም መፍቀድ ይመጣል፣ አብረን እናነበዋለን፣ ማክሰኞ ሩቅ አይደለም አሉ።

ጋሽ ሽፈራው ኬላ ላይ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። «እሺ ዳይሬክተሬ» ብለው ብርድ ልብሳቸውን ወደ ላይ ሳቡ።

፱

ማክሰኞ መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር

ባዶ።

፲

አስተያየት

እትዬ አልጋነሽ፦

ኢዮብ፦ ሦስተኛውን ጨርሻለሁ። አልተኛሁም፣ ዛሬ አልተኛሁም።

እኔ፦

ጋሽ ሽፈራው፦

፲፩

እሑድ ማረፋቸውን ነርሷ ነገረችን።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ዝናብ ባዘንብ ደስ ባለኝ፤ ግን ፀሐይ ነበር።

ብንሰጣቸው ኖሮ ምን እንጎዳ ነበር? መጽሐፉ የራሳቸው፣ በገንዘባቸው የተገዛ። አንድ ቀን ቤታቸው ቢያድር ምን ይሆናል? ኢዮብ ቢያዝን ይተኛ ነበር። ይህን ማሽኑ አጠገብ በተቀመጥሁ ቁጥር አስበዋለሁ። ቁጭት ከመርፌ ይልቅ ያማል ብል ውሸት ነው፤ መርፌውም ያማል። ልዩነቱ መርፌው ሲመሽ ይነቀላል፤ ቁጭቱን ይዤው ነው ታክሲ የምሳፈረው።

እትዬ አልጋነሽ ስለ መጽሐፉ ማውራት አቆሙ። አራተኛው ቁራጭ ቦርሳቸው ውስጥ እንዳለ ቀረ። አላነበቡትም፤ እንደማያነቡት ቦርሳውን ሲዘጉ ከእጃቸው ያስታውቅ ነበር።

፲፪

ክፍሌ መጣ።

የወንድሙን ብርድ ልብስና ፔርሙዝ ሊወስድ ነው የመጣው። ጆሮው ትልልቅ፣ ልክ እንደ ጋሽ ሽፈራው። የእሱ ስልክ ቁጥር ያለው ሰው ስላልነበረ፣ ጎረቤት ሳይነግረው ጋሽ ሽፈራውን ቀብሯል።

«እናታችንን እሱ ሳይደርስ ቀበርኋት፤ እሱንም እኔ ሳልደርስ ቀበሩት» አለን፣ ብርድ ልብሱን እንዳቀፈ።

ከዚያ የፈራሁትን ጠየቀ፤ ወንድሙ ስሙን አንስቶ ያውቅ እንደሆነ።

ኢዮብ አፉን መያዝ አይችልም። ስለ አባተ፣ ስለ እህትየዋ ደጃፍ፣ ጋሽ ሽፈራው ስላሉት ነገር ሁሉን ዘረገፈለት። ካንኳኳ እደውላለሁ፣ ተመልሶ ከሄደ ይቅር።

«ታዲያ አንኳኳ?» አለ ክፍሌ።

ማናችንም አናውቅም። ቦርሳውን አየን። ክፍሌም አየው።

«ያንብቡልኝ እማማ» አላቸው።

፲፫

እትዬ አልጋነሽ አራተኛውን ቁራጭ በአንድ እጃቸው አወጡ። ገለጡት። ያ ሰልፍ ቀጥ የሚያደርገው ድምፃቸው ወጣ።

«አባተ አንኳኳ። ከውስጥ የሳህኑ ድምፅ ቆመ። ደግሞ አንኳኳ። እህቱ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች፤ አየችው፤ ምን አመጣህ አላለችውም። ምሳ አልበላህም አይደል አለችው።»

አነበቡ፣ አነበቡ። ድምፃቸው አንዴም አልተደናቀፈም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጠብታ ዝናብ አልነበረበትም።

ክፍሌ ፊቱን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀብሮ አለቀሰ። «ሊደውልልኝ ነበር» አለ። «ሊደውልልኝ ነበር።» ሲረጋጋ ወረቀቱን ለራሱ ሊወስደው ጠየቀ።

«አይቻልም ልጄ» አሉ እትዬ አልጋነሽ፣ እያለቀሱ። «ከዚህ ክፍል አይወጣም። ሕግ ነው።»

በዚህ ሕግ ሰው ሲከለክሉ ሳይ ሁለተኛዬ ነው። ያን ሐሙስ እንደዚህ ቢያለቅሱ ኖሮ ብዬ ተመኘሁ።

መነጽራቸው በእኔና በእሳቸው መካከል ያለችው ጠረጴዛ ላይ፣ እንደታጠፈ ተቀምጧል።

፲፬

ክፍሌ ሄዷል። እትዬ አልጋነሽ ቁራጩን ለእኔ አቀበሉኝ። «አንቺ ያዢው፣ እኔ ጋ እንዳይሆን» ብቻ አሉኝ። ኢዮብ ነቅቶ ያየኛል።

አሁን ደረቴ ላይ ነው። ቀጭን ነው፣ በአውራ ጣት ይገለጣል። አባተ እዚያ ውስጥ እጁን እንዳነሳ ነው። አንኳኩቶ ከሆነ እትዬ አልጋነሽ አልዋሹም፤ ጋሽ ሽፈራውን ግን ከስልኩ ያስቀረናቸው እኛ ነን። ተመልሶ ሄዶ ከሆነ እኛ ያስቀረነው ስልክ የለም፤ ክፍሌ ግን ይዞት የሄደው የእትዬ አልጋነሽን ደግነት ብቻ ነው። የትኛውን እንደምመኝ ስጽፍ ይገባኛል ብዬ ነበር፤ አልገባኝም።

ለመግለጥ ስልኩን ማስቀመጥ አለብኝ። አንድ እጅ ነው ያለኝ።

፲፭