የግራው ጫፍ መብራት

እኔ የሠራሁት ነገር አይበላሽም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ደብረ ታቦር ገበያ ገብታችሁ ዣንጥላ ጠጋኟን ፍቅርተን ብትጠይቁ የሚነግሯችሁ ይኸንኑ ነው። በክረምት የጉና ነፋስ የገለበጠው ዣንጥላ ሁሉ መጨረሻው እኔ ዘንድ ነው። ዘንጉ የተሰበረውን እቀጥላለሁ፣ ጨርቁ የተቀደደውን እሰፋለሁ፣ የማይድነውን ደግሞ ባለቤቱን አስፈቅጄ ለራሴ አስቀራለሁ። ካይቴ የተሠራችው ከእነዚያ ከማይድኑት ነው።

ካይት ስል ልጆች ከላስቲክና ከስንጥር ሠርተው በአንድ ክር የሚያንሳፍፏትን ማለቴ አይደለም። የእኔዋ ባለ ሁለት ክር ናት። ስልኬ ላይ ቪዲዮ አይቼ፣ ሦስት ጊዜ አበላሽቼ፣ በአራተኛው የሠራኋት ናት። ግራ እጄን ስስብ ወደ ግራ፣ ቀኝ እጄን ስስብ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። ከላይ ተወርውራ መጥታ መሬት ልትነካ ስትል ትቀለበስና ሽቅብ ትመለሳለች። ይቺ ሴትዮ አሁንስ ለየላት ያሉ ሰዎች አሉ። ዣንጥላቸው ሲሰበር የሚመጡት ግን እኔው ዘንድ ስለሆነ ብዙም አልተቀየምኋቸውም።

በማታ እንድትበር መብራት ልጨምርባት የተነሣሁት ለጨዋታ አልነበረም። በአባቴ ምክንያት ነው።

አባቴ አቶ ይሻው ጅራፍ ገማጅ ናቸው። ክረምቱ ገብቶ ቡሄ እስኪያልፍ ድረስ በከተማው ከሚጮኸው ጅራፍ ውስጥ ብዙው የእሳቸው እጅ ያረፈበት ነው። ጅራፍ የወንድ ልጅ ነው ይባላል፤ እሳቸው ግን ይህን እንዳልሰማ ሆነው ልጅ ሳለሁ ጓሮ ወስደው አስተምረውኛል። «ዝም ብለሽ አዙሪው፤ መጨረሻው ላይ ብቻ ድንገት ሳብ አድርገሽ ንጨቂው። ጅራፍ የሚጮኸው ሲነጨቅ ነው» ይሉኝ ነበር። ነጨቅሁት፤ ጮኸ። እናቴ ከቤት ወጥታ ሁለታችንንም ተቆጣችን።

አሁን ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ቃጫውን የሚገምዱት በዳበሳ ነው። ጤና ጣቢያ ስወስዳቸው ነርሷ አየችና፣ «ሞራ ነው። ብርሃን ከየት በኩል እንደሚመጣ ከለዩ ተስፋ አላቸው፤ ሆስፒታል ሄደው ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ቤት እንደገባን ግን አባቴ አሻፈረኝ አሉ።

«ሞቶ ያለቀ ዓይን ነው» አሉኝ። «ለሞተ ዓይን ቢላዋ ምን ያደርጋል?»

«ትናንት ማታ አምፖሉ የት እንዳለ በእጅዎ አላሳዩኝም?»

«እሱማ የት እንደተሰቀለ ስለማውቅ ነው። ያየው ልቤ ነው እንጂ ዓይኔ አይደለም።»

«እና ምን ቢያዩ ነው የሚያምኑት?»

አሰቡ፤ ጭናቸው ላይ የያዙትን ቃጫ ጠመዘዙት። «የት እንዳለ የማላውቀውን፣ አንቺም ያልነገርሽኝን አንድ ነገር ካየሁ እሄዳለሁ። እስከዚያው አትነዝንዢኝ።»

አባቴ ቃላቸውን አያጥፉም። አላምንም ካሉም አያምኑም፤ ግትርነቴን ከየት እንዳመጣሁት የሚጠይቀኝ ሰው ካለ መልሱ ቤታችን ተቀምጧል። እኔም አሰብሁ። የት እንዳለ የማይታወቅ፣ አንድ ቦታ የማይቆም፣ በጨለማ የሚበራ ነገር ከየት ይመጣል? መልሱ ከሱቄ ጣሪያ ሥር ተንጠልጥሎ ነበር።

ጎረቤቴ ነስሩ ስልክና ሬዲዮ ይጠግናል፤ የሱቃችን ግድግዳ አንድ ነው። ሐሳቤን ስነግረው ከተሰበረ የፀሐይ ፋኖስ ውስጥ ሦስት ትንንሽ አምፖሎች ፈልቅቆ አመጣልኝ። ሲያበራቸው ዓይን ይወጋሉ።

«አንዱን አፍንጫዋ ላይ፣ አንዳንዱን በክንፎቿ ጫፍ። ሦስት ይበቃታል» አለኝ።

«ባጃጅ ላስመስላት ነው?» አልሁት።

እኔ ያማረኝ ሌላ ነበር። ሠርግ ከሚያስጌጡ ሰዎች ዘንድ ሄጄ፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ ሽቦ ላይ የተደረደሩ የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ መብራቶች አመጣሁ። በክንፎቿ ጠርዝ ዙሪያውን አንድ በአንድ ሰፋኋቸው። ካይት ሚዛን ትወዳለች፤ አንዱ ክንፏ ከሌላው ጥቂት ከከበደ ወደዚያው እየተሽከረከረች ትወድቃለች። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ስፌት በኋላ ወገቧን በጣቴ ላይ እያስቀመጥሁ እመዝናት ነበር። የአሮጌ ስልክ ባትሪ አመጣሁና መካከለኛው ዘንግ ላይ አሰርሁት። ማታ ሱቅ ውስጥ ሳበራት መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አያት፤ ሙሽራ ትመስላለች አሉ። እውነትም ትመስል ነበር።

ነስሩ በሩ ላይ ቆሞ ራሱን አከከ። «ለእሳቸው ነው የሠራሻት ወይስ ለእኛ?» አለኝ። ያልሰማሁ መሰልሁ።

በቡሄ ዋዜማ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ አባራ፤ አመሻሹ ላይ ከጉና በኩል ደህና ነፋስ ተነሣ። ከኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በታች ካለው ሜዳ ስንደርስ ችቦው ተደርድሯል፤ ገና አልተለኮሰም። ልጆቹ ከዚህም ከዚያም ጅራፍ ያጮሃሉ፤ ጆሮ አያሰማም። አባቴን ደረቅ መሬት ፈልጌ አቆምኋቸው። የራሳቸውን ጅራፍ አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆሙ። ለምን እንዳመጣኋቸው ያውቃሉ፤ ካይቷ ግን ከየት በኩል እንደምትነሣ አልነገርኋቸውም።

አብሮን የመጣው ነስሩ ካይቷን ከፍ አድርጎ ያዘልኝ። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄጄ ሳብሁ፤ ተነሣች። ሜዳው ላይ ያለው ሕፃን ሁሉ አንድ ላይ ጮኸ። በጥቁሩ ሰማይ ላይ ወርቅማ ክንፏን ዘርግታ ዞረች፣ ተወረወረች፣ ተመለሰች። ልጆቹ ጅራፋቸውን ጥለው እልል አሉ። እግዜር ይይልኝ፣ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

«ያቻትና» አሉ አባቴ እጃቸውን ዘርግተው። «ታምራለች፣ የኔ ልጅ። እጅሽ ይባረክ።»

ዞር ብዬ አየሁ። እጃቸው የተዘረጋው ልጆቹ ከባሕር ዛፉ ሥር ሆነው ወደሚጮኹበት ነበር። ካይቷ ያለችው በሌላው በኩል ነው።

«አባባ፣ እሱኮ ባሕር ዛፍ ነው» አልሁ።

እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱት። «እንዳይከፋሽ ብዬ ነው» አሉኝ።

አለማየታቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አያምም ነበር። ለእኔ ብለው መዋሸታቸው ነው ያመመኝ። እኔ እሳቸውን ላስደስት ስለፋ እሳቸው እኔን ሊያስደስቱ ይለፋሉ።

«ሞቶ ያለቀ ነው አላልሁሽም?» አሉ። «ይበቃል፤ ወደ ቤት እንግባ፤ ብርድ ነው።»

አውቃቸዋለሁ። ያን ማታ ወደ ቤት ከገባን የዓይን ነገር ዳግመኛ ቤታችን ውስጥ አይነሣም። በራሴ ተናደድሁ። ነስሩ የጠየቀኝን ጥያቄ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት፤ ያቺ ሙሽራ የተሠራችው በርግጥ ለከተማው ነበር። ያ ሁሉ ጥቃቅን መብራት ሞራ ለሸፈነው ዓይን ከጉም አይለይም።

«አንድ ጊዜ ብቻ ይታገሡኝ» አልሁ። «አሁንም ካላዩ ስለ ሆስፒታል ሁለተኛ አላነሣብዎትም።»

«ሁለተኛ?»

«ሁለተኛ።»

«በይ እሺ» አሉ።

ካይቷን አወረድሁና እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጥሁ። መቀሴን አውጥቼ የሠርጉን መብራት ስፌት ቆረጥሁት፤ ስንት ማታ የለፋሁበት በአንድ ጊዜ ተግተልትሎ ወጣ። ነስሩ አጠገቤ ቁጢጥ አለና ሦስቱን አምፖሎች ከኪሱ አወጣ።

«ይዘሃቸው ነው የመጣህ?»

«አንቺን አውቅሻለሁ» አለ።

እሱ የእጅ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ ሽቦውን አጠላለፈ፣ እኔ በፕላስተር ጠቀለልሁ። አንዱ አፍንጫዋ ላይ፣ ሁለቱ በክንፎቿ ጫፍ። በጣቴ ላይ መዘንኋት፤ ቆመች። ቀጥዬ ክሮቹን ግማሽ ድረስ ጠቀለልሁ፤ ከዓይን ሳትርቅ እንድትበር ነው። አጭር ክር አደገኛ ነው፤ ካይቷ ትፈጥናለች፣ ለማሰብ ጊዜ አትሰጥም። ክንፏ ጫፍ ላይ ክብደት ሲጨመር ደግሞ መታጠፊያዋ ይዘገያል፤ ቀድሞ መሳብ ያስፈልጋል። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ሳነሣት እጄ አወቀው።

ልጆቹ ቀና ብለው አይዋትና ከንፈራቸውን ጣሉ። «መብራቷ ጠፋ እንዴ?» አለ አንዱ። እየተሳሳቡ ወደ ችቦው ሄዱ። ሂዱልኝ አልሁ በልቤ። አሁን የሚጮህላት የለም፤ ወዴት እንዳለች በጩኸት ለአባቴ የሚያሳብቅ የለም። የክንፏን ድምፅ እንዳይሰሙ ደግሞ ከችቦው በኩል እንደገና የሚጮኸው ጅራፍ አለ። ነስሩን በዓይኔ ጠቀስሁት፤ አፉን በእጁ ሸፈነ።

ከዚያ ፊቴን ከካይቷ ወደ አባቴ አዞርሁ። እሷን ለእጄ ተውኋት።

ወደ ቀኝ ወሰድኋት። አባቴ ፊት ላይ ምንም የለም። ወደ ግራ መለስኋት። አሁንም የለም። ዝቅ አድርጌ ከራሳቸው በላይ አሳለፍኋት። አገጫቸው ትንሽ ቀና ያለ መሰለኝ፤ ግን ሰው ሲያዳምጥም ቀና ይላል ብዬ ራሴን ገሠጽሁት። ሽቅብ ወረወርኋት፤ ከዚያ እስከ ግራው ጥግ ድረስ ሳብኋትና ስትደርስ አጠፍኋት።

አባቴ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ፍቅርተ።»

«አቤት አባባ።»

«የግራው ጠፋ።»

«ምኑ?»

«መብራቱ ነዋ። ሦስት ነበሩ፤ ሁለት ቀሩ። በግራ በኩል ያለው የለም።»

ቀና ብዬ ካይቴን አየኋት። አፍንጫዋና ቀኝ ክንፏ ይበራሉ። የግራው ጫፍ ጨለማ ነው። እሳቸውን ሳይ መጥፋቱን እኔ አላየሁም ነበር።

«ወላሂ» አለ ነስሩ ቀስ ብሎ።

እንባዬ መጣ። ሁለቱም እጆቼ ክር ይዘዋልና መጥረግም አልቻልሁም፤ ዝም ብሎ ወረደ። አባቴ ግን የእኔን እንባ የሚያዩበት ጊዜ አልነበራቸውም፤ ዓይናቸው ከሁለቱ መብራቶች ጋር እየዞረ ነበር። ወደ ቀኝ ስወስዳት ወደ ቀኝ፣ ዝቅ ሳደርጋት ዝቅ።

«ነጨቅሻት» አሉኝ። «ጥጉ ላይ ስትደርስ እንደ ጅራፍ ነጨቅሻት፤ ለዚያ ነው የጠፋው። ጅራፍ መሰለችሽ?»

«ማን ነው እንደዚያ ያስተማረኝ?»

«እኔማ ለጅራፍ ነው ያስተማርሁሽ። ደግሞ አስተሳሰሩም የችኮላ ነው።»

በሥራዬ ሰው እንከን ሲያወጣብኝ ዝም ብዬ አላውቅም፤ ገበያው ምስክሬ ነው። ያን ማታ ግን እስኪነጋ ቢቆጥሩብኝ ደስታዬ ነበር።

«አዎ አባባ» አልሁ። «የችኮላ ነው።»

ከወዲያ ችቦው ተለኮሰ፤ ሜዳው ቀላ። አባቴ ወደ ችቦው ዞር እንኳ አላሉም።

«ሆስፒታሉ በበዓል ይሠራል?» አሉኝ።

«ከበዓሉ ማግስት ይሻላል።»

«እንግዲያው በማግስቱ እንሄዳለን።» ጅራፋቸውን ከአንገታቸው አውርደው በእጃቸው ጠቀለሉት። «አሁን አውርጂያትና የግራውን አብሪው። ጎደሎ ነገር ማየት አልወድም።»

አወረድኋት።