የጎንደሩ ካምቢዮ

አሰፋች ያን ንግግር የሰማችው ከአጥር ወዲህ ሁና ሰሊጥ ስታበጥር ነው። ብዙው ጠፍቶባታል። ማን ቀድሞ እንደተናገረ እንኳ እርግጠኛ አይደለችም። የሰፊው ሰሊጥ እርሻ ባለቤት አቶ ሸጋው ከአስመራ ያስመጧትን ባለ ሁለት በር ቀይ መኪና እየዞሩ ይዳብሳሉ፤ ሾፌራቸው፣ የእሷ ባል ዘሩ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል።

«ማርሽ መቀየር ቀረ፤» አለ አንደኛው፤ አቶ ሸጋው መሆን አለባቸው። «ይህች ራሷ አስባ ራሷ ትቀይራለች።»

«እዚህ አገር ራሱ የሚያስብ ነገር አይበረክትም።»

ከዚያ ሳቅ ነበር። ሁለቱም ሳቁ ወይስ አንዳቸው፣ አታስታውስም። እንዲያውም «አይበረክትም» ያሉት ራሳቸው አቶ ሸጋው ሳይሆኑ አይቀሩም። ያም ሆነ ይህ፣ በዚያ ጊዜ መተማ ላይ ሰው በመኪና ይስቅ ነበር።

ደርግ መጣ። እርሻው ተወረሰ፤ አቶ ሸጋው አንድ ሌሊት ገላባት ተሻግረው ሱዳን ገቡ፤ መኪናዋ ለቀበሌው ሊቀመንበር ለጓድ አዱኛ ሆነች። አዱኛ ድሮ በአቶ ሸጋው መጋዘን ሰሊጥ የሚመዝን ሰው ነበር። መኪና የለመደ ሁሉ እየተቀባበለ ዋልካ ጭቃ ላይ ሲያስጮኻት ከርሞ፣ ያ ማርሹን ራሱ አስቦ የሚቀይረው ካምቢዮዋ ተቃጥሎ ቆመች። ብዙም ሳይቆይ ዘሩና ሌሎች ሁለት ሾፌሮች «ጌቶቻችሁን አሻግራችኋል» ተብለው ታሰሩ። በዘሩ ላይ ሌላም ነገር ነበረበት፤ የሚስቱ ወንድም ጫካ ገብቷል።

ሁለቱን ሾፌሮች አንድ ማለዳ «ወደ ጎንደር ተዛውረዋል» አሏቸው። ሚስቶቻቸው የወሰዱት ስንቅ ከበር ተመለሰ። የተመለሰ ስንቅ ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ዘመን አፍ አውጥቶ የሚናገር አልነበረም፤ ሴቶቹ አገልግላቸውን እንዳቀፉ መሀል መንገድ ላይ ቁጭ አሉ። የአሰፋች ስንቅ ግን ገባ። ዘሩን ከእስር ቤት አውጥተው በተወረሰው ወፍጮ ቤት ግቢ እንዲጠግናት ከመኪናዋ ጋር አገናኝተውት ነበርና።

ስንቅ ይዛ ስትገባ አዱኛ ራሱ መኪናዋ ዘንድ ቆሞ አገኘችው።

«የራሷ ካምቢዮ አልቆለታል፤» ይላል ዘሩ። «እዚህ አገር የሚጠግነው የለም። አውጥቶ በእጅ የሚቀየር መግጠም ነው ያለው።»

«ታዲያ ግጠማ!»

«የቱን ልግጠም ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። የእሷው ዓይነት፣ የእህቷ ካምቢዮ ቢገኝ፣ እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ነው። ግን የት ይገኛል? ያ የተገለበጠው ፔጆ ደግሞ ይኸው አጥር ሥር ወድቋል። ካምቢዮው ጤነኛ ነው፤ ዋልካ ላይ ይጎትታል።»

«መጎተቱን በሬም ይጎትታል። ይሮጣል ወይ? በሽንፋ በኩል ሕዝቡ እንደ ውሃ ወደ ሱዳን ሲፈስ በእግራችን ልናባርር ነው?»

«ይሮጣል። ብቻ መጠኑ ሌላ ነው፤ ማስገጠም ይፈልጋል። ወለሏን መቁረጥ፣ ዘንጉን መቀጠል፣ የፍሪሲዮን ፔዳል መሥራት…»

«መቼ ይደርሳል?»

ዘሩ መሬት መሬት አየ። «ክረምት ሳይገባ።»

አዱኛ ወደ አሰፋች ዞረ። «ባልሽ ሰነፍ ነው እንዴ?»

«ኧረ በዮሐንስ!»

«ዮሐንስን ተይው። ይህች መኪና ተነሥታ የሄደች ቀን ባልሽ ቤቱ ያድራል። ጓድ አዱኛ ብሎኛል በይ።»

ይችን ቃል አሰፋች እንደ ክታብ አንገቷ ላይ አሰረቻት። ጠዋት ጠዋት የዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆማ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ «መኪናዋን አስነሣልኝ።» ዮሐንስ የመኪና ነገር ያውቅ እንደሆነ አልጠየቀችም።

ጠባቂው ውባንተ ነው፤ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም መጥቶ፣ ጦርነቱ መንገድ ሲዘጋበት ጠመንጃ ይዞ የቀረ ሰው። ስንቁን ሳይቀምስ አያስገባም። «እታለም፣ ሹሮሽ ጨው በዝቶበታል፤» ይላታል ጣቱን እየላሰ። «እስረኛውን ትተሽ እኔን ልትገይኝ ነው?» ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን በባልና በሚስት መካከል እንደ ግንብ ይቆማል። «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ። ልጄ አየሁሽ ደህና ናት?» «ደህና ናት፤ አሁንስ አባዬ የት ነው ማለት ጀምራለች።» ከዚህ ያለፈ ነገር ከተነገረ፣ «ይበቃል፣ ይበቃል!» ነው።

ሁዳዴ ገባ፣ ሁዳዴ ወጣ፤ ሥራው አላለቀም። አሰፋች በመጣች ቁጥር ዘሩ ይሞርዳል። የቆረጠው ብረት አጥሮ ይገኝና ሌላ ይቆርጣል። ለፋሲካ ይጨርሳል ስትል፣ ኩሽኔታው አልገባ ብሎት ሁሉን እንደገና ፈትቶ መሬት ላይ ዘርግቶት አየች። የምታውቀው ዘሩ ትራክተር ሲበላሽ አጫጆቹ ምሳ በልተው ሳይነሡ አስነሥቶ የሚጠብቅ ሰው ነበር። እስር እጁን አደረቀው አለች በልቧ። ባሌ ደከመ፤ እንግዲህ እኔ ልበርታለት።

አሰፋች ጉምሩኩ አጠገብ ለመኪና ሰዎች ሻይ ታፈላ ነበር። ከደንበኞቿ አንዱ ቢሻው ነው፤ የዘሩ የድሮ ጓደኛ፣ ከጎንደር መተማ ጭነት የሚያመላልስ፣ ወሬና ስኳር የማይበቃው ሰው።

«የሸጋው ቀይ መኪና ገና አልተነሣችም?» አላት። «ዘሩ ካምቢዮ ይቀይራል ወይስ ይወልዳል?»

«ተው አትቀልድ፣ ቢሻው። የፔጆው አልገጥም ብሎት እኮ ነው።»

«ፔጆ? ለምን በፔጆ ይሰቃያል? የእሷ እህት፣ ቁርጥ እሷን የመሰለች፣ ጎንደር አንድ ጋራዥ ጓሮ ተጋጭታ ወድቃለች። ፊቷ የለም እንጂ ካምቢዮዋ ከነፍሪሲዮኑ ጤነኛ፣ ተማም ነው። በእጅ የሚቀየር።»

አሰፋች የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «ልሙት በለኝ!»

«ልሙት! ደብዳቤ ካለ በሚቀጥለው ጭነት አመጣዋለሁ።»

ማንቆርቆሪያዋን ለጎረቤቷ ለመስቱራ ትታ በቀጥታ አዱኛ ቢሮ ሄደች። ከዚያ ቀን በፊት ወደዚያ ቤት በፈቃዱ የሄደ ሰው አላየችም። አዱኛ ቆሞ ሰማት፤ ሰምቶ ሲጨርስ ፈገግ አለ።

«ጎበዝ ሴት ነሽ። ባልሽ ግን ይህን አያውቅም ነበር?»

«እንዴት አድርጎ ይወቅ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ታስሮ።»

«እውነትሽን ነው፤ ታስሮ፤» አለና ለቢሻው የሚሰጠውን ደብዳቤ እዚያው ጻፈ።

ካምቢዮው ግንቦት ሳያልቅ በጆንያ ተጠቅልሎ መጣ። አሰፋች የቢሻውን መኪና ስታይ ስንቋን ይዛ እየሮጠች ደረሰች፤ ጆንያው ሲገለጥ ዘሩን ማየት ፈልጋ ነበር።

«ከየት ነው የመጣው?» አለ ዘሩ።

«ከጎንደር። እኔ ነኝ ያስመጣሁት!»

ዘሩ አላመሰገናትም። ጨርቅ አንሥቶ የካምቢዮውን ዘይት ይጠርግ ጀመር። የጠረገውን መልሶ ጠረገው። ማርሾቹን በእጁ አንድ በአንድ አስገባ፣ አወጣ፤ እያንዳንዱ ቀጭ እያለ ቦታውን ያዘ።

«እንከን የለውም፤» አለ በመጨረሻ።

«ከሚስትህ ተማር!» አለው ከቢሻው ጋር የመጣው አዱኛ ትከሻውን መታ አድርጎ። «ከነገ ወዲያ እንድትነዳልኝ።»

አሰፋች ስንቁን ለውባንተ አስረክባ ወጣች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ስንቅ ይዛ ስትመጣ መኪናዋ በግንድና በድንጋይ ተደግፋ ቆማለች፤ የዘሩ እግር ብቻ ከሥሯ ይታያል። ካምቢዮውን ከታች ሁኖ ወደ ላይ የሚይዝለት ሰው አጥቷል። ውባንተ አልገባም ብሏል።

«ጠመንጃዬን ለማን ሰጥቼ? ለድንጋዩ?» አለ። «እታለም፣ አንች ግቢለት። ያመጣሽውም አንች ነሽ።»

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ በጀርባዋ ተንፏቃ ገባች። ከሥሩ ጨለም ያለ ነው፤ ዘይትና የተቃጠለ ብረት ይሸታል። የዘሩ ፊት ከእሷ ፊት አንድ ክንድ አይርቅም። ከታሰረ ጀምሮ እንዲህ ቀርባው አታውቅም፤ ጺሙ ሸብቷል። ካምቢዮውን በሁለት እጇ ከታች ደግፋ ያዘች። እሱ ቀዳዳውን ከቀዳዳ ያስተያያል። አንድ ነገር የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ወፍጮው ተነሣ። የሞተሩ ድምፅ ግቢውን ሁሉ አንቀጠቀጠው።

«አሰፉ፣» አላት ያን ጊዜ። «ስሚኝ። እጅሽን እንዳትለቂ፤ ደረቴ ላይ ይወርዳል። ይህ ሲያልቅ እኔም አልቃለሁ። እንደ ሁለቱ ሾፌሮች። ‹መኪናዋ እስክትነሣ ነው› ሲል አዱኛን በጆሮዬ ሰምቸዋለሁ።»

«ቃል ገብቶልኛል እኮ! ‹ቤቱ ያድራል› ብሎ…»

«ለእነሱም ሚስቶች ገብቶ ነበር።»

አሰፋችን የሞረዱ ድምፅ፣ አጥሮ የተገኘው ብረት፣ መሬት ላይ የተዘረጋው ሁሉ ባንድ ጊዜ ትዝ አላት። «ፔጆውን… አውቀህ ነው?»

«ክረምቱን ስጠብቅ ነበር። ዝናብ ከጣለ ዋልካው መኪና አያስወጣም፤ እስከ ጥቅምት ማንም አይቸኩልም። እስከ ጥቅምት እግዜር ያውቃል ብዬ።»

«እኔ ገደልሁህ።»

«አንች ያመጣሽው ካምቢዮ ነው። የሚገድለኝ ሌላ ነው፤ አትቀላቅይው። ብሎን ስጪኝ። ከጭንቅላትሽ በኩል አለ።»

ባንድ እጇ ካምቢዮውን ይዛ በሌላው ዳብሳ ሰጠችው። እንባዋ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል፤ ለመጥረግ እጅ የላትም።

«ነገ ጠዋት ሙከራ አለ፤» አላት ብሎኑን እያዞረ። «ሽንፋ ድረስ ካልነዳኋት አይታወቅም እላለሁ። ጠመንጃ ያለው ሁሉ ይሰገሰግባታል፤ የቀረውም ልይ ብሎ ወደ ሽንፋ መንገድ ይወጣል። አንች የዚያን ጊዜ አየሁሽን አዝለሽ ከመስቱራ ጋር ውሃ ትወርጃለሽ፣ ኾሩ ላይ።»

ኾር የሚሉት ሁለቱን አገር የሚለየውን ደረቅ ወንዝ ነው። በበጋ የመተማም የገላባትም ሴቶች አሸዋውን ጭረው ከአንድ ጉድጓድ ይቀዳሉ።

«መስቱራ መውጫውን ታውቃለች። እንስራሽን ጉድጓዱ ላይ ተይና ከገላባቶቹ ሴቶች ጋር ወደ ማዶ ውጪ።»

«አንተን ትቼ? ስንቅ ማን ያመጣልሃል?»

ዘሩ መፍቻውን አቆመ። «ከነገ ወዲያ ስንቅ አያስፈልገኝም፣ አሰፉ።»

«መሪው በእጅህ አይደለም? ወደ ገላባት አዙራት!»

«አዱኛ ሽጉጥ ይዞ ከጎኔ ነው የሚቀመጠው።»

«እኔ ከጠፋሁ ወዲያው ይጨርሱሃል።»

«ብትቀሪስ?» አላት። «ብትቀሪ የተመለሰ ስንቅ ይዘሽ መንገድ ላይ ትቀመጫለሽ። ቀጥሎ አንችን ነው። የወንድምሽን ነገር በየቀኑ ይጠይቁኛል። ያች ልጅ ለማን ትተርፋለች?»

«አልሄድም፣ ዘሩ። በእጄ አምጥቼብህ፣ በእግሬ ጥዬህ? አልችልም።»

ወፍጮው ቆመ። ዝምታው ውስጥ የውባንተ እግር ሲንኮሻኮሽ ተሰማ።

«እናንተ ሰዎች፣ እዚያው ልትጋቡ ነው?» አለ ጎንበስ ብሎ። «አላለቀም?»

«አንድ ብሎን ቀረን፣ አያ ውባንተ፤» አለው ዘሩ።

እውነትም አንድ ነበር የቀረው። ዘሩ ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶት መፍቻውን እላዩ ላይ አሳርፎ፣ ሳያዞር፣ ዓይን ዓይኗን አያት። አልለመናትም። ካምቢዮው በሌሎቹ ብሎኖች ቦታውን ይዟል፤ አሰፋች ብትለቀውም አይወድቅም ነበር። አልለቀቀችውም። በልቧ ዮሐንስን ጠራችው፤ ምን እንደምትለው ግን አጣች። ያ የለመደችው ጸሎት አሁን አይጸለይም።

ወፍጮው እንደገና ተነሣ።

«እሽ፤» አለችው።

«ጮክ በይ፤ አልሰማሁሽም።»

«እሽ ብያለሁ። ነገ እናንተ ስትወጡ ውሃ እወርዳለሁ። አየሁሽን አዝዬ እሻገራለሁ።»

ዘሩ ብሎኑን አጠበቀው።